የቤት ሙያ፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ፖምፓ በቤት ስለ ማደስ



አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው የተናገሩት ቃል ለሸንጎ ብቻ የተነገረ አይደለም። የተበላሸ ዕቃ ለማደስ ለሚነሣ ሰው ሁሉ ይህ ቃል የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። የብዙ ቤት ገንዘብ የሚጠፋው ዕቃ በመሰበሩ ብቻ አይደለምና፤ ያልተሰበረው ተሰብሯል ተብሎ በመለወጡ፣ የተሰበረውም ደኅና ነው ተብሎ በመታለፉ ጭምር ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንጽፈው ማርሹን በራሱ በሚለውጠው፣ አውቶማቲክ በሚባለው መኪና ካምቢዮ ውስጥ ስላለው የዘይት ፖምፓ ነው።

ምናልባት «ሾፌርና መካኒክ እያለ ባለቤቱን በዚህ ምን አደከመው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የማያውቀውን ሥራ የሚያሠራ ሰው የተነገረውን ከማመን በቀር ሌላ መንገድ የለውም። እንዲህ ያለውን ዕቃ አንድ ጊዜ እንኳ ፈትቶ፣ ለክቶ የገጠመ፣ ወይም ሲፈታና ሲለካ አጠገብ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ የሚቀርብለትን ሒሳብ ለመመርመር፣ ሠራተኛውንም እንደ ሥራው ለማመስገን ይችላል። በገዛ እጁ ሊሠራ የሚወድም ቢሆን፣ ፖምፓው ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉት ዕቃ ነውና፣ ትዕግሥትና ንጽሕና ላለው ሰው የማይቻል ሥራ አይደለም። የሚያስቸግረው ፖምፓው ሳይሆን ወደ ፖምፓው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ፖምፓው ምን እንደ ሆነ

ማርሹን በራሱ የሚለውጥ ካምቢዮ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ነው። ሠሪው ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ካምቢዮው ሀይድራማቲክ ይባል ነበር፤ መጀመሪያ የገባውም ለ1940 ዓ.ም. ተብሎ በተሠራው የኦልድስሞቢል መኪና ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ እጅግ ተለዋወጠ፤ በአብዛኞቹ ዘንድ ግን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ይኸውም ካምቢዮው በዘይት ግፊት የሚሠራ መሆኑ ነው።

በእጅ ማርሽ በሚለወጥበት መኪና የነጂው እግር ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ እጁም ማርሹን ያስገባል። በአውቶማቲኩ ግን የእግሩንም የእጁንም ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። በካምቢዮው ውስጥ ቀጫጭን የፍሪሲዮን ዲስኮች ተደራርበው ይገኛሉ፤ ዘይት በግፊት ሲመጣባቸው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ግፊቱ ሲለቃቸው ይላቀቃሉ። ይህን ግፊት የሚያስገኘው ፖምፓው ነው። ከዚህም ሌላ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለውን ኮንቨርተር የሚባለውን ክብ ዕቃ በዘይት የሚሞላው፣ የሚሽከረከሩትን ክፍሎች ሁሉ የሚያለሰልሰው፣ የጋለውንም ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው የሚልከው እርሱ ነው። ስለዚህ ፖምፓው ሲደክም የሚታመመው አንድ ክፍል ሳይሆን ካምቢዮው በሞላው ነው። ግፊት ያጣ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተው ይግላል፤ የጋለው ይቃጠላል።

ነገሩን በግልጥ ለማስረዳት አንድ የታወቀ ካምቢዮ እንምረጥ። ይህም ቶዮታ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በሃይሉክስ ሰርፍ፣ በፎርራነር፣ በላንድ ክሩዘር ፕራዶና በሌሎችም መኪናዎቹ ላይ ያገባው፣ ኤ-340 የሚባለው ነው። የዚህ ካምቢዮ ፖምፓ ሁለት ጥርስ ያላቸው መንኰራኩሮች አሉት። ትንሹ ጥርሶቹ ወደ ውጭ ናቸው፤ ትልቁ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ናቸው። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን በሚተርፈው ባዶ ስፍራ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ግድግዳ በመካከላቸው ይቆማል። የኮንቨርተሩ አንገት ወደ ፖምፓው ገብቶ ትንሹን መንኰራኩር ይይዛል። ኮንቨርተሩም ከሞተሩ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በዞረ ቍጥር ትንሹ ይዞራል፤ ትልቁንም ያዞራል። ጥርሶቹ በሚለያዩበት በኩል ዘይቱ በፊልትሮው አልፎ ይሳባል፤ በጥርሶቹ መካከል ታዝሎ ጨረቃውን ያልፋል፤ ጥርሶቹ ዳግመኛ በሚገናኙበት በኩል ስፍራ ሲያጣ ተገፍቶ ይወጣል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር እናስተውላለን።

1ኛ፤ በመንኰራኩሮቹና በፖምፓው ግድግዳ መካከል ዘይቱን የሚያግድ ጎማም ቆዳም የለም። የሚያግደው ብረቱ ከብረት ጋራ እጅግ ተቀራርቦ መቆሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰው ጠጕር በሚቀጥን ክፍተት ላይ ጥቂት መስፋት ቢጨመር፣ ዘይቱ ወደ ኋላው ይመለሳል፤ ግፊቱም ይወድቃል።

2ኛ፤ ሞተሩ ካልዞረ ፖምፓው አይዞርም። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ የጠፋ አውቶማቲክ መኪና፣ የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት ነክተው ሩቅ መንገድ ሊጎተት አይገባም፤ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ክፍሎች ያለ ዘይት ሲሽከረከሩ ይቃጠላሉና። በመኪና ላይ አስጭኖ ማስወሰድ፣ ወይም የሚነዱትን ጎማዎች ከመሬት ማንሣት ያስፈልጋል። በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ማስጫኑ ይሻላል። ይህን ሳያውቁ በገመድ ያስጎተቱ ሰዎች፣ በባትሪ ድካም የቆመውን መኪና ካምቢዮው የተቃጠለ አድርገው ቤታቸው አድርሰዋል።

ፖምፓ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ1982 ዓ.ም. ባወጣው፣ 700 አር 4 በሚባለው ካምቢዮ ውስጥ ያለው ፖምፓ በጥርስ ፈንታ የሚንሸራተቱ ትንንሽ ክንፎች አሉት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ልኮች የኤ-340 ብቻ ናቸው። ሌላ ካምቢዮ ያለው ሰው የዚያን ካምቢዮ የጥገና መጽሐፍ ሳይዝ አንድ ብሎን እንኳ ሊፈታ አይገባውም።

ከፍርድ በፊት ምርመራ

ፖምፓው ደክሟል የሚያሰኙ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ማርሹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከገባ በኋላ መኪናው ዘግይቶ ይነሣል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን በዚያው ልክ አይሄድም። መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ከሞተሩ ፍጥነት ጋራ ከፍና ዝቅ የሚል የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ በታች ዘይት ይንጠባጠባል። እነዚህ ሁሉ ግን ክስ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። የዘይት ማነስም፣ የፊልትሮ መዘጋትም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉና።

ስለዚህ አስቀድሞ ዘይቱን መመርመር ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየስፍራው ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ወደ ማቆሚያው ይመለሳል፤ ከዚያም የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ተስቦ ይታያል። ደኅና ዘይት ቀይና ግልጥ ነው። የጠቈረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ፍሪሲዮኖቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚገባው በራዲያተሩ ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ ነው፤ ይህ ሳይታደስ ፖምፓን ማደስ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ በታች ያለው የዘይት መያዣ ተፈትቶ ፊልትሮው ይታያል። በመያዣው ውስጥ ያለው ማግኔት ጥቂት እንደ ጭቃ የላመ ብረት ቢይዝ ያረጀ ካምቢዮ ልማድ ነውና አያስደነግጥም። የሚያብለጨልጭ ስባሪ ከተገኘ ግን አንድ ክፍል ተበልቷል።

በሦስተኛው ግፊቱ ይለካል። በካምቢዮው ጎን ለዚህ የተሠራ ቀዳዳ አለ፤ የግፊት መለኪያ ተገጥሞበት፣ ማርሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገባ የሚያሳየው ቍጥር በጥገናው መጽሐፍ ካለው ጋራ ይመሳከራል። ግፊቱ ያነሰው በአንዱ ማርሽ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የፖምፓው አይደለም፤ በዚያ ማርሽ መንገድ ላይ ያለው ክፍል ነው። በሁሉም ማርሽ ያነሰ ከሆነ ግን ፖምፓው፣ ወይም ግፊቱን የሚመጥነው ክፍል፣ ወይም በቀደሙት ሞዴሎች ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚመጣው ሽቦ ከልኩ መውጣቱ ይጠረጠራል። ሽቦውን ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነውና፣ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት እርሱን መመልከት ብልህነት ነው።

ስለ ዝግጅት

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ነገሩ ወደ ፖምፓው ካመለከተ፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ፖምፓው በፊቱ በኩል ከኮንቨርተሩ ኋላ ተቀምጧልና። እዚህ ላይ ከገንዘብ በፊት ስለ ሕይወት እንናገር። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው ሊገባ አይገባም። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም። መኪናው በጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ፣ በጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ መሬት የቀሩት ጎማዎች ይታገዱ፤ የባትሪው ሽቦ ይፈታ። ካምቢዮው ራሱ እጅግ ከባድ ነው፤ በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነም ይብሳል። በደረትና በክንድ ይዤ አወርደዋለሁ ማለት አጥንት ማሰበር ነውና፣ ለዚህ የተሠራውን የካምቢዮ ክሪክ ተከራይቶም ቢሆን ማምጣት፣ ሥራውንም ከአንድ ረዳት ጋራ መሥራት ይገባል። ልጆች ከዚያ ስፍራ ይራቁ።

ካምቢዮው ሲወርድ ኮንቨርተሩ አብሮት ይውረድ። ኮንቨርተሩን ከሞተሩ ጋራ የሚያያይዙት ብሎኖች አስቀድመው ካልተፈቱ፣ ክብደቱ ሁሉ በፖምፓው አንገት ላይ ወድቆ፣ ሊያድኑት የመጡትን ዕቃ ይሰብረዋል።

የሥራው ገበታ ከቤት ውስጥ ክፍል አንዱ ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋስና አቧራ በሚገባበት ደጅ ላይ ፖምፓ አይፈታም። በዚያ ቀን ያ ክፍል አይጠረግ። ጠጕር የሚያረግፍ ጨርቅም ለማጽጃ አይሁን፤ አንዲት ክር በዘይቱ መንገድ ላይ ብትቀር ከትንሹ ቀዳዳ ገብታ ትዘጋዋለች። በቤንዚን ማጠብ ቤት ያቃጥላልና ለዚህ የተሠራ ማጽጃ ይገዛ፤ መስኮትም ይከፈት። በቤቱ ውስጥ ዐይነ ጥሩና እጀ ጥንቁቅ የሆነ ሰው፣ የቤት እመቤትም ብትሆን ልጅም ቢሆን፣ ደብተር ይዞ የሚወጣውን ክፍል ሁሉ በተራ ይጻፍ፤ በየደረጃውም ፎቶግራፍ ያንሣ። ሲፈታ የተጻፈ ነገር ሲገጠም አያከራክርም።

ሦስቱ ምስክሮች

ኮንቨርተሩ ከተሳበ በኋላ ፖምፓውን በካምቢዮው ላይ የያዙት ብሎኖች ይፈታሉ። ፖምፓው ጠብቆ ስለሚቀመጥ በቶሎ አይወጣም። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማንሣት ለስላሳውን የአሉሚኒየም ፊት ይጎዳዋልና፣ በሁለት ወገን እኩል በሚስብ ማውጫ መሳብ ነው። ከጀርባው የሚገኘው የኩሽኔታ ቀለበት አንዳንድ ጊዜ ተጣብቆ ስለሚወጣ፣ ቦታውና ፊቱ በደብተሩ ይጻፍ።

ከዚያም የፖምፓው ክዳን፣ መካከለኛውን ዘንግ የያዘው፣ ብሎኖቹ ተፈትተው ይለያል፤ ሁለቱ መንኰራኩሮችም ይታያሉ። ሳይነሡ በፊት የትኛው ፊታቸው ወደ ላይ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ጥርስ እንደ ተገናኙ፣ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው። በሹል ብረት መምታት አይገባም፤ ጠባሳው ራሱ ልኩን ያበላሻል። መንኰራኩሮቹ አብረው የኖሩ ናቸውና፣ ተገልብጠው ወይም ጥርስ ለውጠው ቢገቡ አዲስ መበላላት ይጀምራሉ።

ሁሉም ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መለካት ነው። መለኪያው እንደ ወረቀት የቀጠኑ፣ ውፍረታቸው በየላያቸው የተጻፈባቸው የብረት ቅጠሎች ናቸው። ዳኛ ያለ ምስክር እንዳይፈርድ፣ እኛም ያለ እነዚህ ሦስት ልኮች በፖምፓው ላይ አንፍረድ።

1ኛ፤ ትልቁ መንኰራኩር ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ፣ በሌላው ወገን በእርሱና በፖምፓው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ደኅናው ከ0.07 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ከ0.3 ሊበልጥ አይገባም።

2ኛ፤ በትልቁ መንኰራኩር የጥርስ ጫፍና በጨረቃው ግድግዳ መካከል ያለው ይለካል። ደኅናው ከ0.11 እስከ 0.14 ሚሊሜትር ነው፤ የመጨረሻው ወሰን እንደዚሁ 0.3 ነው።

3ኛ፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፖምፓው ፊት ላይ ተጋድሞ፣ በእርሱና በመንኰራኩሮቹ ፊት መካከል ያለው ይለካል። ደኅናው ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ወሰኑም 0.1 ነው። ከሦስቱ ይህ እጅግ ጠባቡ ነውና፣ ማስመሪያው ያልጠመመ፣ ፊቱም ፈጽሞ የጸዳ ይሁን፤ በሥሩ የቀረች አንዲት ቅንጣት ሐሰተኛ ምስክር ትሆናለች።

ከእነዚህም ሌላ የኮንቨርተሩ አንገት የሚያርፍበት ውስጠኛ ቀለበት፣ ቡሽ የሚሉት፣ የውስጥ ስፋቱ ይለካል፤ ከ38.19 ሚሊሜትር ከበለጠ የፖምፓው አካል ይለወጣል። ቡሹ ሲሰፋ አንገቱ ይወዛወዛል፤ በሚወዛወዝ አንገት ላይ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢገባም ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። ዘይት ሲንጠባጠብ ፓራኦሊዮውን ብቻ ደጋግመው የሚለውጡ ሰዎች ምክንያቱን የሚያጡት ስለዚህ ነው። በመጨረሻም የአካሉና የክዳኑ ፊት በጣት ጥፍር ይዳሰስ፤ ጥፍርን የሚይዝ ጭረት ካለ ዘይት የሚያልፍበት መንገድ ተቆፍሯል ማለት ነው።

አሁን ፍርዱ ቀላል ነው። ልኮቹ ሁሉ በወሰናቸው ውስጥ ከሆኑ፣ ፊቱም ካልተጫረ፣ ፖምፓው ነጻ ነው፤ ፓራኦሊዮውና ቀለበቶቹ ብቻ ተለውጠው ይመለሳል፤ የጥፋቱም ምንጭ በሌላ ስፍራ ይፈለጋል። ከልኮቹ አንዱ እንኳ ወሰኑን ካለፈ፣ እንደ ጕዳቱ መንኰራኩሮቹ ወይም ፖምፓው በሞላው ይለወጣል። በሞረድ ማስተካከል፣ በመዶሻ ማጥበብ፣ ሥሩን በወረቀት መደልደል ሥራ አይባልም። ይህ ክፍል በእጅ ብልሃት የሚስተካከል ልክ የለውም።

ስለ መግጠም

አሮጌው ፓራኦሊዮ ሲነቀል ጎጆው እንዳይጫር መጠንቀቅ ነው። አዲሱ ከፖምፓው አካል ጫፍ ጋራ እኩል እስኪሆን በልኩ በተሠራ መምቻ በዝግታ ይገባል፤ ከንፈሩም ጥቂት ግሪስ ይቀባል። በፖምፓው ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ከኋላ በኩል ያሉትም ሁለት ቀለበቶች ይለወጣሉ። ቀለበቶቹ ሲገቡ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይከፈቱ፣ ከገቡም በኋላ በጎጆአቸው ውስጥ በነጻ መዞራቸው ይታይ። መንኰራኩሮቹ በምልክታቸው መሠረት በአዲስ የካምቢዮ ዘይት ተነክረው ይመለሳሉ። ፖምፓን ደረቁን መግጠም አይገባም፤ የመጀመሪያዎቹ ማሽከርከሮች ብረትን በብረት ያፋጫሉና።

የክዳኑ ብሎኖች ጥቂት በጥቂት፣ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ ይጠብቃሉ። የመጨረሻው ልካቸው 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ከመስቀል ጋራ እኩል ነው። ጕልበት ያለው ሰው ሳያስበው ከዚህ እጅግ አብልጦ ያጠብቃልና፣ የማጥበቂያውን ኀይል የሚለካ ቁልፍ ግድ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ የጠበቀ ክዳን ይጣመማል፤ የ0.02 ሚሊሜትሩ ክፍተትም ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ፖምፓው በኮንቨርተሩ አንገት ላይ ተቀምጦ በእጅ ይዞር። ያለ መያዝና ያለ መንተክተክ ከዞረ ሥራው መልካም ነው፤ ከያዘ ግን ዳግመኛ ይፈታል።

ፖምፓው ወደ ካምቢዮው ሲመለስ የኩሽኔታው ቀለበት እንዳይወድቅ ቫዝሊን ተቀብቶ በቦታው ይያዛል፤ የጎማውም ቀለበት በዘይት ይለሰልሳል። ፖምፓውን በእጅ በቀስታ መግፋት ነው እንጂ በብሎን እየሳቡ ማስገባት አይገባም። የእነዚህ ብሎኖች ልክ 22 ኒውተን ሜትር ነው። ከጠበቁም በኋላ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በእጅ መዞሩ ይረጋገጥ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች

ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ክፍል ይህ ነው፤ የታደሰውን ፖምፓ በአንድ ደቂቃ የሚሰብረው እርሱ ነውና። ኮንቨርተሩ ሲመለስ አንገቱ በዘንጎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በፖምፓው ትንሽ መንኰራኩር ውስጥም መግባት አለበት። ጥቂት አዲስ ዘይት ተጨምሮበት፣ በሁለት እጅ እየተዞረና እየተገፋ በየደረጃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ሲወርድ «ገባ» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ሙሉ በሙሉ መግባቱ የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ከኮንቨርተሩ ፊት እስከ ካምቢዮው አፍ ጠርዝ ያለው ጥልቀት ተለክቶ በጥገናው መጽሐፍ ለዚያው ሞተር ከተጻፈው ጋራ ይመሳከራል።

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋራ ሲገናኝም፣ ሁለቱ አካላት ያለ ብሎን ኀይል በእጅ ግፊት ብቻ ሊገጥሙ ይገባል። በመካከላቸው ክፍተት ቀርቶ ብሎን እያጠበቁ ማቀራረብ ካስፈለገ፣ በዚያው ቅጽበት ሥራው ይቁም። ያ ብሎን የሚጫነው የፖምፓውን መንኰራኩር ነው። በትክክል ከገባ ኮንቨርተሩ በእጅ በነጻ ይዞራል፤ ይህ ሳይታይ ምንም አይታሰር።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የዘይቱ ማቀዝቀዣና ቧንቧዎቹ ይታጠባሉ፤ አዲስ ፊልትሮም ይገባል። የድሮው ፖምፓ ያደቀቀው ብረት በማቀዝቀዣው ውስጥ ቢቀር ወደ አዲሱ ይመለሳል። ብዙ የብረት ስባሪ የተገኘ እንደ ሆነ ኮንቨርተሩም መለወጥ አለበት፤ ሆዱ ተዘግቶ የተበየደ ስለ ሆነ በቤት ታጥቦ አይጸዳም። ዘይቱም በመለኪያው ዘንግ ላይ ወይም በመጽሐፉ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይሁን። ሞተሩ ሲነሣ ፖምፓው ወዲያው ዘይቱን ወደ ኮንቨርተሩና ወደ ቧንቧዎቹ ይወስደዋልና፣ መለኪያው እየታየ ቶሎ ይጨመርበታል። ከዚያ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየስፍራው ይገባል፤ ግፊቱም እንደ መጀመሪያው ይለካል። በሥራው መጀመሪያ የተጻፈው ቍጥርና በመጨረሻው የተጻፈው ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን የሚመሰክሩት እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ናቸው። የተቀዳው አሮጌ ዘይት ግን በቦይና በወንዝ ዳር አይደፋ፤ ውሃና መሬት ያበላሻልና፣ በቆርቆሮ ተዘግቶ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

መቼ መተው እንደሚገባ

በዚህ ሥራ መካከል የተቃጠሉ ዲስኮች ወይም የተሰበረ የመንኰራኩር ጥርስ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከፖምፓ አልፎ የካምቢዮ ሁሉ ሆኗል። ያን ጊዜ ሥራውን ለባለሙያ ማስረከብ ውርደት አይደለም። እንዲያውም ካምቢዮውን አውርዶ፣ ልኩን በደብተር ጽፎ፣ የተበላውን ክፍል ለይቶ የሚመጣ ባለቤት በጋራዥ በር ላይ የሚያገኘው አቀባበል ሌላ ነው። «ምን ሆነ?» ሲባል «እንጃ» አይልም፤ ደብተሩን ይገልጣል።

ከዚህም ጋራ የእውነትን ነገር አንርሳ። ፖምፓው ከወሰኑ ማለፉን ለክቶ ያወቀ ሰው፣ መኪናውን «ደኅና ነው» ብሎ ለሌላ ቢሸጥ፣ ችግሩን ከቤቱ አውጥቶ በሌላው ቤት ላይ አኖረው እንጂ አላስወገደውም። የሚገዛውም ሰው ልጆቹን ጭኖ በዚያ መኪና ዳገት ይወጣል። ስለዚህ የተለካው ልክና የተለወጠው ክፍል የተጻፈበት ደብተር ከመኪናው ጋራ ይተላለፍ።

ቤትን የሚያቆመው የገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳይመረምሩ አለመወሰን ደግሞ ከብዙ ኪሣራ ያድናል። ይህን ልማድ ልጆች በቃል ከሚማሩት ይልቅ፣ አባትና እናታቸው በአንዲት ቀጭን የብረት ቅጠል የማይታየውን ክፍተት ሲለኩ፣ ቍጥሩንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ሲጽፉ በማየት ይማሩታል። ፖምፓው ዳግመኛ ሊያረጅ ይችላል፤ ይህ ትምህርት ግን አያረጅም።